የካካዎው ገንዘብ የት ሄደ? የጋና ግምጃ ቤት ከ1947 እስከ 2024

ጋና ማርች 6 ቀን 1957 ነጻ ስትወጣ (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ የውጭ ምንዛሪ ክምችት ነበራት። ከሰሃራ በታች ከነበሩት ቅኝ ግዛቶች መካከል እንዲህ ያለ ስንቅ ይዞ ነጻነቱን የጀመረ እምብዛም አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966 ወታደሮች መሪዋን ክዋሜ ንክሩማን ሲገለብጡ፣ ክምችቱ ተሟጦ አገሪቱ በዕዳ ተይዛ ነበር። የተለመደው ትረካ ጥፋቱን ሁሉ በንክሩማ አባካኝነት ያሳብባል። ገንዘቡን ከመነሻው፣ ከካካዎ ገበሬው ማሳ ጀምሮ ለተከተለ ሰው ግን ታሪኩ ከንክሩማ በፊት ይጀምራል፣ ከእሱም በኋላ አያበቃም። መንግሥታት ተፈራርቀዋል፤ የሚከፍለው ሰው ግን ያው አንድ ነበር።

ይህን ሰው በቅጡ ማወቅ ይገባል። ካካዎን በጎልድ ኮስት (የጋና የቅኝ ግዛት ዘመን ስም ነው) ያስፋፋው የመንግሥት ዕቅድ አልነበረም። ቴቴ ኳርሺ በ1879 ፍሬውን ከፈርናንዶ ፖ ደሴት ካመጣ በኋላ ገበሬዎች በራሳቸው ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜም በማኅበር አዋጥተው፣ ደን መሬት እየገዙ ወደ ምዕራብ ተጓዙ። ተመራማሪዋ ፖሊ ሂል በ1963 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ እነዚህ ሰዎች የአንዱን ማሳ ትርፍ ለሌላ መሬት መግዣ የሚያውሉ ነጋዴ ገበሬዎች ነበሩ። በ1911 አገሪቱ በዓለም ቀዳሚ የካካዎ አምራች ሆነች። በ1937 መጨረሻ ታላላቆቹ የአውሮፓ ገዢ ኩባንያዎች ዋጋ ላለመወዳደር ሲስማሙ ደግሞ ገበሬዎቹ ምርታቸውን አንሸጥም ብለው ለወራት ያዙት። ለንደን መርማሪ ኮሚሽን እስክትልክ ድረስ አልተበገሩም።

የዚያ ትግል ፍሬ መሆን የነበረበት በ1947 የተቋቋመው የካካዎ ግብይት ቦርድ ነው። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ የዓለም ዋጋ ሲወደድ ቦርዱ ከፊሉን ያስቀምጣል፣ ሲረክስ ካስቀመጠው አውጥቶ ገበሬውን ይደጉማል። ችግሩ ቦርዱ ብቸኛ ገዢ መሆኑና ትርፉም የተቀመጠው ለንደን ውስጥ፣ በእንግሊዝ መንግሥት የዕዳ ሰነድ መሆኑ ላይ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዶላር በጠማት እንግሊዝ የካካዎው ገቢ የስተርሊንግን ቀጠና ደገፈ። ከ1912 ጀምሮ የአካባቢውን ገንዘብ ያሳተመው የምዕራብ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድም መቀመጫው እዚያው ስለነበር፣ የአገሪቱ ሀብት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ሁለቱ የውጭ ባንኮች ባርክሌይስ እና የእንግሊዝ ምዕራብ አፍሪካ ባንክም ብድራቸው በአብዛኛው ለአውሮፓ የንግድ ድርጅቶች ነበር፤ አፍሪካዊው ነጋዴ የሚያሲዘው ዋስትና የለውም ይባል ነበር።

ከነጻነት በፊት የመጣው የአገር ተወላጆች መንግሥትም ቦርዱን አልለቀቀውም። በ1954 የዓለም ዋጋ ሲያሻቅብ፣ የንክሩማ ካቢኔ ለ60 ፓውንድ ክብደት ካካዎ የሚከፈለውን ዋጋ በ72 ሺሊንግ ለአራት ዓመት የሚያስር ሕግ አወጣ። ትርፉ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለሆስፒታል ይውላል ተባለ፤ ብዙውም በእርግጥ ውሏል። ነገር ግን ገበሬውን ማንም አልጠየቀውም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በኩማሲ የተመሠረተው ብሔራዊ ነጻ አውጪ ንቅናቄ የዚህ ቁጣ ልጅ ነው። ኋላ የተከተለው የፌዴሬሽን ጥያቄና በአሻንቲ የፈሰሰው ደም የፖለቲካ መልክ ነበረው። መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ግን በገበሬው ዋጋና በዓለም ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነበር።

የማዕከላዊ ባንኩ ታሪክ አጭር ነው። በ1953 የተከፈተው የጎልድ ኮስት ባንክ በ1957 ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ማዕከላዊው የጋና ባንክ፣ ሌላው የጋና ንግድ ባንክ ሆነ። የጋና ባንክ የመጀመሪያው ገዢ ስኮትላንዳዊው አልፍሬድ ኤግልስተን ነበሩ። በጁላይ 1958 የወጣው የጋና ፓውንድ ከስተርሊንግ ጋር እኩል ተመነዘረ። ለተራው ሰው የተለወጠው የብር ኖቱ ሥዕል ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ትልቅ በር ተከፍቷል። የድሮው የገንዘብ ቦርድ አንድ ፓውንድ ለማሳተም ለንደን ላይ አንድ ፓውንድ ማስቀመጥ ነበረበት። አዲሱ ባንክ ግን ለመንግሥት ማበደር ይችል ነበር።

ወጪው ሲጨምር ያ በር ሥራ ላይ ዋለ። ቴማ ወደብ በ1962 ተከፈተ፤ የአኮሶምቦ ግድብ በጃንዋሪ 1966፣ መፈንቅለ መንግሥቱ አንድ ወር ሲቀረው ተመረቀ። አኮሶምቦን ብክነት ነው ለሚሉ አልስማማም፤ ዛሬም የአገሪቱን መብራት ከሚሸከሙት አንዱ እሱ ነው። የከፋው ጥቂት የሚታወቀው ነገር ነው። ፋብሪካ የሚሸጡ የአውሮፓ ድርጅቶች ራሳቸው እያበደሩ፣ ዋጋቸውን ከፍ አድርገው፣ ባጭር ጊዜ የሚከፈል ዕዳ ጋናን አሸክመዋታል። የምጣኔ ሀብት አማካሪ የነበሩት አርተር ልዊስ ፖለቲካ ያየለባቸውን ፕሮጀክቶች ተቃውመው ቀደም ብለው ለቀዋል። የ1961ዱ በጀት ከደመወዝተኛው 5 በመቶ አስገዳጅ ቁጠባ ሲቆርጥ የሴኮንዲ-ታኮራዲ የባቡርና የወደብ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ከ1954 ጀምሮ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ኮምላ ግቤዴማም ከመንግሥት ወጡ። በዚያው ዓመት የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር ተጀመረ።

የመጨረሻው ምት ከማሳው መጣ። በ1964/65 ጋና ከ550,000 ቶን በላይ ካካዎ ሰብስባ የራሷን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ያን ያህል ምርት ገበያ ላይ ሲፈስ ደግሞ በ1965 የቶን ዋጋ ከ100 ፓውንድ በታች ወረደ። ቦርዱ የተፈጠረው ለዚህ ቀን ነበር። ሆኖም የተቀመጠው ገንዘብ አልቆ ስለነበር፣ ሊደጎም የሚገባው ገበሬ ዋጋው ተቀነሰበት። ለእኔ የጋና ምጣኔ ሀብት የተሰበረበት ቀን ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የገንዘብ ተመን የሥልጣን ወጥመድ ሆነ። ወታደሮቹ በ1967 የአገሪቱን ገንዘብ ሲዲውን አዳከሙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኮፊ ቡሲያ በዲሴምበር 1971 በሰፊው ሲያዳክሙት ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው ኮሎኔል አቼምፖንግ ገለበጣቸው። አዲሱ መንግሥት ሲዲውን መልሶ አጠነከረ፣ የተወሰኑ ዕዳዎችንም አልከፍልም አለ፤ ሕዝቡም ደስ አለው። ከዚህ በኋላ የመጡት መንግሥታት ተመን መንካትን እንደ ሞት ፈሩት።

ያ ፍርሃት ገበሬውን እንዴት እንደጎዳው ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በዓይን አይታይምና። ከ1978 እስከ 1983 አንድ ዶላር በሕጋዊው ተመን 2.75 ሲዲ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ቦርዱ ካካዎውን በዶላር ይሸጣል፣ በሕጋዊው ተመን ወደ ሲዲ ይለውጣል፣ ለገበሬውም ከዚያ ቀንሶ ይከፍላል። ገበሬው በሲዲው ቆንጨራ ወይም ሳሙና ልግዛ ሲል ዋጋው በጥቁር ገበያው ተመን ይጠብቀዋል። በዶላሩ የተጠቀመው የማስመጫ ፈቃድ ያገኘው ባለወዳጅ ነው፤ ጋናውያን ካላቡሌ የሚሉት ዝርፊያ የተስፋፋው በዚህ ነው። የዋጋ ንረት በ1977 ከ100 በመቶ አለፈ። ባንክም መጠጊያ አልሆነም። በ1979 በእጅ ያለ አሮጌ ኖት ሲለወጥ አሥሩ በሰባት፣ ከ5,000 ሲዲ በላይ የሆነው ደግሞ አሥሩ በአምስት ተመነዘረ። በ1982 የ50 ሲዲ ኖት ከገበያ ሲወጣ ከ50,000 ሲዲ በላይ ያለበት የባንክ ሂሳብ ታገደ። ገንዘቡን አምኖ ባንክ ያስቀመጠ ሰው እንዲህ ከተቀጣ በኋላ ልጁን ቆጥብ ብሎ አይመክርም።

ገበሬው መልሱን በሥራ ሰጠ። ያረጀውን ዛፍ አልተካም፤ ምርቱን በሌሊት ወደ ኮትዲቯርና ወደ ቶጎ አሻገረ። በሐረርጌ ወይም በጅማ ስለ ቡና ኮንትሮባንድ ለሰማ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በ1983/84 ምርቱ ወደ 159,000 ቶን ወርዶ ነበር። 1983 ድርቅና የጫካ ቃጠሎ የደረሱበት፣ ከናይጄሪያ የተባረሩ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጋናውያንም የተመለሱበት ዓመት ነው። በግራ ዘመም መፈክር ሥልጣን የያዙት ጄሪ ሮውሊንግስ፣ ከገንዘብ ኃላፊያቸው ክዌሲ ቦትችዌይ ጋር፣ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር ተስማሙ። በዓመቱ መጨረሻ አንድ ዶላር 30 ሲዲ ሆነ፤ ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋም ከዓመት ዓመት ከፍ አለ፤ ምርቱም አገገመ። ከሥራ የተቀነሱት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የቦርዱና የመንግሥት ሠራተኞች ግን የማገገሙን ዋጋ ከፍለዋል፤ የማሻሻያው ደጋፊዎች ይህን ሲዘሉት ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወዲህ ወርቁና ከ2010 ጀምሮ የወጣው ነዳጅ የካካዎውን ሸክም አቀለሉ እንጂ የግምጃ ቤቱን ልማድ አልለወጡም። በዲሴምበር 2022 የዋጋ ንረቱ 54 በመቶ ሲደርስ ጋና አብዛኛውን የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። ለመንግሥት ያበደረው ማዕከላዊ ባንክም በዚያ ዓመት ከ60 ቢሊዮን ሲዲ በላይ ኪሳራ መዘገበ። ዕዳዋን ለማሸጋሸግ የገባችበት የቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ኢትዮጵያም ያለችበት ነው፤ አዲስ አበባ በዲሴምበር 2023 የቦንድ ወለዷን ሳትከፍል ስትቀር፣ ከአክራ ጋር በአንድ ወረፋ ላይ ነበረች።

በ2024 ካካዎ በዓለም ገበያ በቶን ከ10,000 ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ ጋና ለ2024/25 ምርት ዘመን መጀመሪያ ለገበሬዋ በቶን 48,000 ሲዲ ቆረጠች፤ በወቅቱ ምንዛሪ ከዚያ የገበያ ዋጋ ሲሶ እምብዛም አይበልጥም ነበር። አዝመራው ከመድረሱ በፊት አስቀድሞ የተሸጠው ምርት በርካሽ ውል ታስሮ ነበር፤ ቦርዱ በየዓመቱ ከውጭ ባንኮች ይወስደው የነበረውንም ብድር በዚያ ወቅት ተወው። ካካዎው እንደገና በሌሊት ድንበር ተሻገረ። መንግሥት ወታደር ላከ፤ ዋጋ የመቁረጥ ሥልጣኑ ግን ከ1947 ጀምሮ እንደነበረው በመንግሥትና በቦርዱ እጅ ነው።