«ባለትዳር ሴት በአስፋልት ላይ ትሮጣለች እንዴ?»

ዛሬ የማጫውታችሁ የራሴን ጉድ ነው። «የቤት ገመና አደባባይ ይወጣል እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ግን እንደኔው ዕድሜያቸው አርባን ተሻግሮ ከቢሮ ወንበር ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ አልጋ የሚመላለሱ ስንት እህቶች አሉ መሰላችሁ! ለእነሱ ስል አፌን ከፍቻለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ነው። የምኖረው እንጅባራ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ራስ ምታት አላስቀምጥ ሲለኝ ወደ ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሟ ግፊቴን ለካችና ፊቷ ተለወጠ። 160 በ100! «መድኃኒቱን ትውጫለሽ፣ ጨው ትቀንሻለሽ፣ ሰውነትሽንም ታንቀሳቅሻለሽ» አለችኝ። መድኃኒቱ ይዋጣል። ጨውም እንደምንም ይቀነሳል። መንቀሳቀሱ ግን … የት? ከማን ጋር?

ይህን ለአንዲት የመሥሪያ ቤታችን ልጅ ባጫውታት «እትዬ፣ እኛ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የጤና ቡድን አለን። ወደ ዘንገና ነው የምንሮጠው። ለምን አብረውን አይወጡም?» አለችኝ።

ዘንገናን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ፣ እንጅባራ ልትገቡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀራችሁ፣ ከአስፋልቱ ፈንጠር ብሎ በደን የተከበበ ክብ ሐይቅ አለ። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። አገሩ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። አየሩም ስስ ነው፤ ያልለመደ ሰው ትንሽ ከሮጠ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ሰው ምን ይላል?

ለባለቤቴ እራት ላይ ነገርኩት። እጁን ከገበታው ሰበሰበ። «ባለትዳር ሴት ሱሪ አጥልቃ፣ ከጎረምሳ ጋር በአስፋልት ላይ ትሮጣለች እንዴ? መንቀሳቀስ ከሆነ ግቢው ይበቃሻል፤ እዚሁ ተራመጂ!» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የትንሽ ከተማ ወሬ ከፈረስ ይፈጥናል። ይህን የምለው ደግሞ በፈረሰኞች አገር ተቀምጬ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አዊ በፈረስ ስሙ የተጠራ አገር ነው። ማኅበሩ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው የፈረስ ፍጥነት ምን እንደሆነ ያውቃል። ወሬ ግን ይበልጠዋል!

ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። አንድ ቀን የቢሮውን ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ሲልብኝ መሐል ላይ ተቀመጥኩ። «ልጆቼን ሳላደርስ ልሞት ነው?» ብዬ አሰብኩ። በቃ! በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሥር ሱሪ፣ ከላይ ቀሚስ አድርጌ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ «ሄድኩ» ብዬው ወጣሁ። አላስፈቀድኩትም፤ ግን አልዋሸሁትም።

ሁለት ምሰሶ ሮጬ ቆምኩ

ከተማው ዳር ስደርስ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። አስተማሪ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ የባጃጅ ሾፌር አለ። የሚመሯቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ተነሡ ሲባል እኔም ተነሣሁ። ሁለት የመብራት ምሰሶ ያህል ሮጥኩና ቆምኩ። ወጣቶቹ ጭጋጉ ውስጥ ገብተው ጠፉ። እንባዬ መጣ። መምህሩ ግን አጠገቤ ቆመዋል።

«መምህር፣ እርስዎ ይሂዱ፤ በኔ የተነሣ አይቅሩ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እዚህ የሚቀር ሰው የለም። አንድ ምሰሶ ሩጪ፣ ሁለት ምሰሶ ተራመጂ። እየሮጥሽ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው» አሉኝ።

ቆይቼ ነው የቡድኑን ደንብ የተረዳሁት። አንዲት ደንብ ብቻ ነች። ሰዓቱ 12፡30 ሲል ሁሉም ባለበት ቦታ ዞሮ ይመለሳል። ፈጣኖቹ ሐይቁ አፋፍ ደርሰው ይዞራሉ፤ እንደኔ ያለችው መንገዱን ሳታጋምስ ትዞራለች። ያን ጊዜ ከኋላ የነበረችው ከፊት ትሆናለች። ፈጣኖቹ ከኋላ እየተከተሉ ከተማው ዳር ላይ ይደርሱባታል፤ ሁሉም አብሮ ይገባል። አያችሁ ብልሃቱን?

ታዲያ በአምስተኛው ቅዳሜ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለቤቴ ነገሩ ከንክኖት ኖሮ፣ በባጃጅ ተከትሎ መጥቶ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል! ዘግይቶ ስለደረሰ ያየው መመለሻችንን ነው። መጀመሪያ ብቅ ያልኩት እኔ! ከኋላዬ፣ በሩቁ፣ ያ ሁሉ ጎረምሳ እያለከለከ ይከተላል! አፉን ከፍቶ ቀረ። ቤት ስገባ ምንም አላለኝም፤ ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝ። ሰኞ ዕለት ግን ሰፈሩ ሁሉ «ሚስቱ ወጣቶቹን ቀደመቻቸው» እያለ ያወራ ነበር። ወሬውን የነዛው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ?

ሐይቁ አፋፍ የደረስኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ለኔ ሲባል መመለሻው ሰዓት ተራዝሞ። ውሃው ላይ ጉም ተኝቷል። ጦጣዎቹ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ቅቅል ድንች በዳጣ ተበላ። ግፊቴም ወርዶ 135 በ85 ሆነ። «መድኃኒቱን ላቁመው?» ብዬ ብጠይቅ ሐኪሟ «በፍጹም!» አለችኝ። እናንተም ያለ ሐኪም ቃል እንዳታቆሙ።

ሩጫ የሻምፒዮን ብቻ አይደለም

እኛ አገር ሩጫ ሲባል አበበ ቢቂላ፣ ደራርቱ፣ ኃይሌ ይታወሱናል። ሌላው ሰው የሚሮጠው ሌባ ሲያባርር ነው! ግን እነዚያ ጀግኖች እንኳ በእንጦጦ ዳገት የተለማመዱት ተያይዘው እንጂ ብቻቸውን አይደለም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው አብሮ ወጥቷል፤ አብዛኛው ለማሸነፍ ሳይሆን ለመጨፈር። በለንደንም እ.ኤ.አ. በ2004 13 ሯጮች አንድ መናፈሻ ውስጥ የጀመሩት የቅዳሜ ሩጫ ዛሬ «ፓርክራን» ተብሎ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። እዚያም ከሁሉም ኋላ የሚራመድ ሰው ይመደባል፤ ማንም «የመጨረሻ ሆንኩ» ብሎ እንዳያፍር።

እንግዲህ ለመጀመር ለምታስቡ ምክሬ ይኸውና፦

አንደኛ፣ ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ችግር ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ሁለተኛ፣ ቡድን ስትመርጡ ስለ ፈጣኑ አትጠይቁ። «የመጨረሻውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ይደርስብናላ!» ካሏችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ እርምጃም ይቆጠራል።

አራተኛ፣ አስፋልት ላይ ከሆነ በግራ ጠርዝ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያያችሁ ሂዱ።

አምስተኛ፣ ከቤታችሁ ሰው ተደብቃችሁ አትውጡ። የተደበቀ ነገር ነው ወሬ የሚሆነው።

የዘንገናው ሩጫ ዛሬ የለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ቡድኑ ተበትኗል። እኔና አምስት ጎረቤቶቼ ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰፈር ውስጥ ወዲያ ወዲህ እንላለን። ከሐይቁ የቀረችልን ያቺ ደንብ ናት፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሁላችንም እንዞራለን።

አሁን የቀረችኝ አንዲት ኑዛዜ ናት። ባለቤቴ ይህን ጋዜጣ አያልፈውም። ይኸው ዛሬ በአደባባይ ልንገርህ፤ ያን ቀን አልቀደምኳቸውም። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ሻዩ ግን እንዳይቀርብኝ!

ቸር እንሰንብት።