ባሕር ለሌለን ሰዎች የጠላቂ ሰዓት ምን ይሠራልናል?

የምረቃ ወቅት ሲደርስ ወላጆች ስንገናኝ የምንጠያየቀው ነገር አለ፤ «ለልጁ ምን ልትገዙለት አሰባችሁ?» ሱፉ ለአንድ ቀን ፎቶግራፍ ይለበሳል፤ ስልኩ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የእጅ ሰዓት ግን በትክክል ከተመረጠ ከልጁ ጋር ያረጃል። የዛሬ ወጣቶች ደግሞ ሰዓት ሲባል ዓይናቸው የሚያርፈው ጠንከር ባለው፣ በፊቱ ዙሪያ የሚሽከረከር ቀለበት ባለው፣ ሻጮች «ዳይቨር» በሚሉት የጠላቂ ሰዓት ላይ ነው።

የእኔም ልጅ የመረጠው ይህንኑ ነበር፤ ያውም ባትሪ የሌለውን አውቶማቲክ። እናቱ ዋጋውን ስትሰማ፣ «ባሕር በሌለበት አገር የጠላቂ ሰዓት?» አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ገንዘቡ የቤት ወጪን የሚነካ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ሱቆችን ዞርኩ፣ ሰዓት ጠጋኞችን ጠየቅሁ። የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው፦ እዚህ አገር ለሚኖር ሰው የጠላቂ ሰዓት ጥቅሙ ጥንካሬው እንጂ ጥልቀቱ አይደለም። ዋናው ጥያቄም «ስንት ሜትር ይጠልቃል?» ሳይሆን «ሲበላሽ ከፍቶ የሚያድነው ሰው አለ ወይ?» ነው።

አውቶማቲክ ማለት ምን ማለት ነው?

አውቶማቲክ ሰዓት በጀርባው በኩል ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ክብደት አለው። እጃችን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክብደቱ ይዞርና ሞላውን ይጠመጥማል፤ ሞላው ቀስ በቀስ ሲፈታ ጥርሶቹን እያዞረ ሰዓቱን ያስኬዳል። በመጠነኛ ዋጋ ከሚገኙት አብዛኞቹ በደንብ ከተሞሉ 40 ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። ዓርብ ማታ 2 ሰዓት አውልቀን ያስቀመጥነው እሑድ ቀትር ላይ ቆሞ ብናገኘው አልተበላሸም፤ ሞላው አልቆ ነው።

ልክነቱንም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የተለመደ የባትሪ ሰዓት በወር 15 ወይም 20 ሰከንድ ሊዛነፍ ይችላል፤ መጠነኛ ዋጋ ያለው አውቶማቲክ ግን ያንን ያህል በአንድ ቀን ቢዛነፍ አምራቹ ከሚፈቅደው ውጭ አይደለም። ለሰከንድ የሚጨነቅ ልጅ ካላችሁ የባትሪውን ግዙለት፤ ርካሽም ነው።

በሜትሩ አትታለሉ

የጠላቂ ሰዓት የዛሬ መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1953 ብላንፓን «ፊፍቲ ፋተምስ»ን፣ ሮሌክስ ደግሞ «ሰብማሪነር»ን ሲሠሩ ነው። የጃፓኑ ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1965 እስከ 150 ሜትር የሚችለውን የመጀመሪያውን የጠላቂ ሰዓቱን አወጣ።

ሰዓት ላይ የሚጻፈው ሜትር የሚለካው በተረጋጋ የውኃ ግፊት ነው። በተግባር 30 ሜትር የሚል ሰዓት የእጅ መታጠቢያ ውኃና ካፊያ ይችላል፤ 100 ሜትር ለዋና ይበቃል፤ ለጠለቃ 200 ሜትር ይመረጣል። ዓለም አቀፉ የጠላቂ ሰዓት መለኪያ አይኤስኦ 6425 ይባላል። በዚህ መለኪያ የሚሸጥ እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈበት 25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት መፈተሽ አለበት። የጠላቂ ሰዓት የሚመስል ሁሉ ይህን ፈተና ያለፈ አይደለም።

በዙሪያው ያለው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ጠላቂው ሲገባ ምልክቱን ከደቂቃ ቆጣሪው ትይዩ ያደርገዋል፤ ከዚያ ስንት ደቂቃ እንደቆየ በቀጥታ ያነባል። ቀለበቱ በስህተት ተነክቶ ቢዞር እንኳ ያለፈውን ጊዜ አብዝቶ እንጂ አሳንሶ አያሳይም፤ ጠላቂው አየሩ ሳያልቅ እንዲወጣ የታሰበ ዘዴ ነው። እኛ ቤት ምድጃ ላይ የተጣደን ነገርና ልጆች ቴሌቪዥን የሚያዩበትን ጊዜ ይቆጥርልናል።

ኪስ የማይጎዱት የትኞቹ ናቸው?

ከዚህ በታች ያሉት በውጭ ገበያ በአብዛኛው ከ150 እስከ 350 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ለእኛ ኪስ ይህም ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ሆኖም በዚህ ዓይነት ሰዓት «ተመጣጣኝ» የሚባለው ዋጋ ይህ ነው።

ሴይኮ ፋይቭ ስፖርትስ፦ ሴይኮ ፋይቭ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ያለ ስም ነው። የአሁኑ መልኩ የጠላቂ ቢሆንም አቅሙ 100 ሜትር ነው፤ መሙያውም እንደ ብሎን አይጠብቅም። ለዋና ይሆናል፤ ለጠለቃ አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ ማሽኑ ነው። ሴይኮ ተመሳሳዩን ማሽን ለሌሎች ብዙ አምራቾች ስለሚሸጥ ጠጋኞች ያውቁታል።

ኦሪየንት ካማሱ፦ 200 ሜትር ይችላል፤ መሙያው እንደ ብሎን ይጠብቃል፤ መስታወቱም በቀላሉ የማይጫጫር ሳፋየር ነው። በዚህ ዋጋ ሳፋየር ማግኘት ብርቅ ነው። እኛ በመጨረሻ የገዛነው ይህን ነው።

ሲቲዝን ፕሮማስተር አውቶማቲክ፦ 200 ሜትር የሚችል እውነተኛ የጠላቂ ሰዓት ነው። መሙያው በግራ በኩል ስለሆነ የእጅን ጀርባ አይወጋም።

ቮስቶክ አምፊቢያ፦ እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየት ኅብረት የተሠራ፣ 200 ሜትር የሚችል ነው። በደርግ ዘመን ወደዚያ አገር ለትምህርት የሄዱ ወላጆች የቮስቶክን ስም ሳያውቁት አይቀሩም። የጀርባ ክዳኑ የውኃው ግፊት በጨመረ ቁጥር ይበልጥ እንዲጠብቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ከአራቱ በዋጋ ዝቅ የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

የእኛ አቆጣጠርና የፈረንጅ ሰዓት

ብዙዎቻችን ሰዓቱን በፈረንጅ ሞልተን ትይዩውን እናነባለን። አብዛኛው የጠላቂ ሰዓት በቁጥር ፋንታ ነጥብና መስመር ስለሚጠቀም ለሁለቱም አቆጣጠር ይመቻል። ቀን የሚያሳየው መስኮት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀኑ የሚቀየረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ ነው፤ በፈረንጅ ለሞላ ሰው ይህ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ግን ቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ወይም ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሲቀየር ያያል። የእኛን ቀን የሚከተል ደግሞ፣ ሰዓቱ እስከ 31 ስለሚቆጥር፣ በየወሩ መጨረሻ ወደ 1 መግፋት አለበት፤ ጳጉሜንንም መርሳት የለበትም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሰዓት ቆጣሪው በሰዓቱ ፊት ላይ ከ9 እስከ 3 ባለው ውስጥ ሳለ ቀኑን በእጅ አትቀይሩ። በፈረንጅ ለተሞላ ሰዓት ይህ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ጥርሶቹ ቀን ለመቀየር ተያይዘው ሊሆኑ ስለሚችሉ ሊሰበሩ ይችላሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ፎርጅዱ ብዙ ነው። መሙያውን ፈትታችሁ መልሳችሁ አጥብቁ፤ ሳይንገራገጭ መግባት አለበት። ቀለበቱን አዙሩ፤ ምልክቱ 12 ላይ በትክክል ይቁም። ቀኑ በመስኮቱ መሐል መሆኑንና ጽሑፉ አለመደብዘዙን እዩ። ዋስትናና ደረሰኝ ጠይቁ። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ወረቀቱን አብሮ እንዲያመጣ አደራ በሉት። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የጎማ ቀለበቶቹ ተቀይረው እስኪፈተሽ ድረስ የተጻፈውን ሜትር አትመኑ።

መጠኑንም አትዘንጉ። የሰዓቱ ጆሮዎች ከእጅ አንጓ ጠርዝ ካለፉ ሰዓቱ ትልቅ ነው፤ ቀጭን እጅ ያለው ልጅ በየቀኑ አያስረውም።

ለአያቶች የሚሆን ቃል

ለአባታችሁ ወይም ለአያታችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ እንቅስቃሴያቸውን አስቡ። አብዛኛውን ቀን ተቀምጠው የሚውሉ ከሆነ ክብደቱ በበቂ አይዞርም፤ ሰዓቱም ይቆማል። በመሙያው በእጅ መሙላት የሚቻልባቸው አሉ፤ ግን ጠባቡን ብሎን በየጥቂት ቀኑ መፍታትና ማጥበቅ ለደከመ ጣት ችግር ነው። ለእሳቸው በብርሃን የሚሞላ ወይም የባትሪ ሰዓት ይሻላል፤ ቁጥሩ ጎላ ያለ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይወዱታል።

ዕድሜውን የሚወስነው

መሙያውን ውኃ ውስጥ አትንኩት። በሙቅ ውኃና በእንፋሎት አትታጠቡበት፤ የጎማ ቀለበቶቹን ያዳክማል። ላብ ሲበዛበት በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይለቅለቅ። ጠጋኙ ጀርባውን በከፈተ ቁጥር የጎማ ቀለበቱን እንዲያይና ከደከመ እንዲቀይር ንገሩት። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ማሽኑ ታጥቦ ዘይት ይቀየርለት።

ስለዚህ ለስጦታው የያዛችሁትን ገንዘብ ሁሉ ሰዓቱ ላይ አትጨርሱ። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ገዝታችሁ የቀረውን ለመጀመሪያው እጥበት አስቀምጡለት፤ ጎበዝ ጠጋኝም የት እንዳለ አሳዩት። ልጁ አንድ ቀን ለራሱ ልጅ የሚያወርሰው የተንከባከበውን ሰዓት ነው።