ጭምብል ለባሹ ጋላቢ

በጅቡቲ ከተማ መካከል፣ ቅስት ባላቸው ነጫጭ ሕንፃዎች የተከበበ አንድ አደባባይ ይገኛል። ጅቡቲ ከፈረንሳይ አገዛዝ ነጻ ከወጣችበት ከሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. በኋላ አደባባዩ በዚሁ የነጻነት ቀን ተሰየመ፤ ሆኖም ሜኔሊክ አደባባይ የሚለው የቀድሞ ስሙ ከሰው አፍ አልጠፋም። ስሙ ከተማይቱ ከኢትዮጵያ ጋር ያላትን የቆየ ትስስር ያስታውሳል፤ ዐፄ ምኒልክ የፈቀዱት የምድር ባቡር ከዚህች ወደብ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቷልና። ምኒልክ ሲነሡ ደግሞ ዐድዋ ይነሣል። ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች የዐድዋን ጦርነት ሲሥሉ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከሠራዊቱ በላይ በነጭ ፈረስ ላይ አድርገው ያሳዩታል፤ ያው ጋላቢ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ይታያል።

እንግዲህ ጋልቦ የሚደርስና ጭራቅ የሚጥል ጀግና ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ፈረሱ በሞተር ብስክሌት፣ ጦሩ በእርግጫ፣ የጀግናው ገጽ በጭምብል ቢለወጥ፣ የጃፓን ልጆች ከ1971 ጀምሮ የሚያውቁት ካሜን ራይደር ይሆናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) «ካሜን» በጃፓንኛ ጭምብል ማለት ሲሆን፣ «ራይደር» ከእንግሊዝኛ የተወሰደ፣ ጋላቢ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነው። ጃፓናውያን ዛሬ ለጅቡቲ ሩቅ አይደሉም፤ ከ2011 ጀምሮ በአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የጦር ሰፈር አላቸው። ፊልማቸው ግን ከወታደሮቻቸው ቀድሞ ዓለምን ዞሯል።

የዚህ ዓይነት ፊልም አመጣጥ ከጨዋታ ይልቅ ከሐዘን ጋር የተያያዘ ነው። በማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በፓሲፊክ ውቅያኖስ በቢኪኒ ደሴቶች የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር፣ በአካባቢው ዓሣ ታጠምድ በነበረች አንዲት የጃፓን ጀልባ ላይ መርዛም አመድ ዘነበባት። በጀልባይቱ ውስጥ የነበሩት 23 ሰዎች ሁሉ ታመሙ፤ የሬዲዮ ሠራተኛውም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሞተ። ሂሮሺማና ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ከጋዩ ገና ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ቶሆ የተባለው ኩባንያ «ጎጂራ» የተባለውን ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። ታሪኩ በቦምብ ሙከራ ከባሕር ሥር ተቀስቅሶ ቶኪዮን ስለሚያወድም አንድ ግዙፍ ጭራቅ ነው። የዚያን ጊዜው ተመልካች በመጋረጃው ላይ የሚነደውን ከተማ ሲያይ የገዛ ትዝታውን ማየቱ ነበር።

ፊልሙን ያዘጋጀው ኢሺሮ ሆንዳ ሲሆን፣ የምትሐቱን ሥራ የመራው ኤይጂ ፁቡራያ ነው። ፁቡራያ በ1933 የተሠራውን «ኪንግ ኮንግ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም እጅግ ያደንቅ ነበር። በዚያ ፊልም ግዙፉ ዝንጀሮ የሚንቀሳቀሰው ትንሽ አሻንጉሊት በጥቂት በጥቂቱ እየተነቀነቀና በየጊዜው ፎቶግራፍ እየተነሣ ነው። ይህ ዘዴ ግን ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጃፓናውያኑ ሁለቱም አልነበራቸውም። ስለዚህ ሰውን የጭራቅ ልብስ አልብሰው፣ ከእንጨትና ከጀሶ በተሠራች ትንሽ ከተማ ውስጥ አስገቡት። የመጀመሪያው ልብስ ክብደቱ 100 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ነበረ፣ ለባሹ ሃሩዎ ናካጂማ ጥቂት እርምጃ ከተራመደ በኋላ መንቀሳቀስ አቃተው። ቀለል ያለ ሌላ ልብስ ቢሠራለትም፣ በመብራቱ ግለት ውስጥ ላቡ እንደ ውሃ ይወርድ ነበር።

የሰው ቁመት ያለው ነገር ተራራ አክሎ እንዲታይ የሚያደርገው ዋናው ምስጢር የካሜራው ፍጥነት ነው። ፊልም በተለመደው አሠራር በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕሎች ይነሡበታል፤ ሲታይም በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕሎች ያልፋሉ። ካሜራው ፈጥኖ በአንድ ሴኮንድ 72 ሥዕሎች ቢያነሣ፣ ያው የአንድ ሴኮንድ ድርጊት በመጋረጃው ላይ ሦስት ሴኮንድ ይፈጃል። ስለዚህ ቶሎ የፈረሰው የጀሶ ግድግዳ ቀስ እያለ ይናዳል፤ የሰውየውም እርምጃ ከባድና አስፈሪ ይሆናል። ዐይን ዝግታን ከግዝፈት ጋር ማያያዝ ልማዱ ነውና በቀላሉ ይታለላል።

ፁቡራያ በኋላ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ፣ በ1966 «አልትራማን» የተባለውን የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም አቀረበ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በአፕሪል 3 ቀን 1971፣ ቶኤይ የተባለው ሌላ ኩባንያ «ካሜን ራይደር»ን ጀመረ። የገጸ ባሕርዩ ፈጣሪ በሥዕላዊ ታሪኮቹ የታወቀው ሾታሮ ኢሺኖሞሪ ነው። በዚህኛው ታሪክ ጭራቆቹ እንደ ሕንፃ የገዘፉ አይደሉም፤ የሰው ቁመት ያላቸው፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ሸረሪት ወይም ግማሽ ሰው ግማሽ የሌሊት ወፍ ናቸው። ትንሿን ከተማ መሥራት ስላላስፈለገ ውጊያው በሜዳና በድንጋይ ማውጫ ቦታ ይቀረጽ ጀመር፤ ወጪውም ቀለለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታኬሺ ሆንጎ የተባለ ጎበዝ ተማሪና የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ፣ ሾከር በተባለ የምስጢር ማኅበር ይጠለፋል። ሾከሮች አካሉን ቀድደው ከመኪና ጋር በማዋሐድ የፌንጣ ኀይል ይሰጡታል፤ አእምሮውን ሊያጠፉ ሲሉ ግን ያመልጣቸዋል። ከዚያ በኋላ የተሰጠውን ኀይል በሰጪዎቹ ላይ ያውለዋል። በወገቡ የታጠቀው መታጠቂያ መካከል ላይ የሚሽከረከር መዘውር አለ፤ ሞተር ብስክሌቱን በፍጥነት ሲጋልብ ነፋሱ መዘውሩን ያዞረዋል፤ ሰውየውም ወደ ጭምብል ለባሽነት ይለወጣል። በአንበጣ መንጋ አዝመራው የተበላበት የኢትዮጵያ ገበሬ፣ የፌንጣ ራስ ያለው ጀግና ቢያይ መገረሙ አይቀርም።

ታሪኩን ከተራ የልጆች ጨዋታ ከፍ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ሆንጎ የሚዋጋቸው ጭራቆች እንደ እርሱ ተጠልፈው፣ እርሱ በተቀደደበት ጠረጴዛ ላይ የተሠሩ ናቸው። እርሱ ከእነርሱ የሚለየው ጥቂት ቀድሞ በማምለጡ ብቻ ነው። ወደ ቀድሞ ሰውነቱም ፈጽሞ ሊመለስ አይችልም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከዘንዶው ጋር ዝምድና የለውም፤ ጭምብል ለባሹ ግን ከሚገድላቸው ጋር አንድ ዘር ሆኗል። ጭምብሉም ፊትን ብቻ ሳይሆን ይህን ሐዘን ጭምር የሚሸፍን ይመስላል።

ሥራው ገና ሳይጸና አደጋ ደረሰበት። ሆንጎን ሆኖ የሚጫወተው ሂሮሺ ፉጂኦካ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጭምብሉን ራሱ ለብሶ ሞተር ብስክሌቱን ይነዳ ነበር። አንድ ቀን በቀረጻ ላይ ሳለ ወድቆ እግሩ ክፉኛ ተሰበረ፤ ለብዙ ጊዜም ሆስፒታል ተኛ። ዋናው ተዋናይ የሌለው ተከታታይ ፊልም ብዙውን ጊዜ ይቆማል። እዚህ ላይ ግን ጭምብሉ ሥራውን አዳነው፤ ፊቱ የማይታይ ጀግና በሌላ ሰው ሊተካ ይችላልና። አዘጋጆቹ ቀደም ብለው የተቀረጹ የፉጂኦካን ሥዕሎች እየቀጣጠሉ፣ በጭምብሉ ውስጥ ሌሎች ሰዎችን እያስገቡ ጥቂት ሳምንታት ተሻገሩ።

ይሁን እንጂ ጭምብል ብቻውን ለረጅም ጊዜ አይበቃም። ሆንጎ ሞተ ተብሎ ይነገር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ከአዘጋጆቹ አንዱ ቶሩ ሂራያማ ግን የልጆች ተስፋ መሰበር የለበትም በማለት ተቃወመ። በዚህም የተነሣ ሆንጎ ሾከርን ለመዋጋት ወደ ውጭ አገር ሄደ ተባለ፤ ከ14ኛው ክፍል ጀምሮም ታኬሺ ሳሳኪ የሚጫወተው ሁለተኛው ጭምብል ለባሽ ተተካ። ሳሳኪ የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። ስለዚህ በነፋስ መለወጡ ቀርቶ፣ ቆም ብሎ ክንዱን በተወሰነ ስልት እያወናጨፈ «ሄንሺን!» ማለትም «መለወጥ!» ብሎ እንዲጮህ ተደረገ። ከችግር የተወለደው ይህ ምልክት የጃፓን ልጆችን ሁሉ ማረከ። በየመንደሩ ክንዱን ያላወናጨፈ ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ካልቢ የተባለው ኩባንያ በ20 የን ከሚሸጠው ብስኩት ጋር የጀግናውን ሥዕል ይሰጥ ስለ ነበር፣ ልጆች ሥዕሉን እየወሰዱ ብስኩቱን በየመንገዱ መጣላቸው ወላጆችን አስቈጥቷል።

ፉጂኦካ እግሩ ድኖ ተመለሰ። በማርች 1972 በሲኒማ ቤቶች የታየው የግማሽ ሰዓት ያህል ፊልም፣ ሁለቱ ጭምብል ለባሾች ጎን ለጎን ሆነው ሾከርን ሲወጉ ያሳያል። የቴሌቪዥኑ ተከታታይ በ98 ክፍሎች በ1973 ተፈጸመ፤ ስሙን የወረሱ ሌሎች ጋላቢዎች ግን በየጊዜው ተነሥተዋል። ኢሺኖሞሪ በ1998 ሞተ። በኢሺኖማኪ ከተማ በስሙ የተሠራው ሙዚየም በማርች 11 ቀን 2011 የባሕር ማዕበል ቢመታውም፣ በቀጣዩ ዓመት ታድሶ ተከፍቷል። የጎጂራ ልብስ ለባሽ የነበረው ናካጂማም በ2017 በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

በማርች 2016 ደግሞ ስለ መጀመሪያው ጭምብል ለባሽ አዲስ ፊልም ወጣ። ሆንጎን ሆኖ የተጫወተው ያው ፉጂኦካ ነበር፤ ዕድሜውም 70 ዓመት ሞልቶ ነበር። አዘጋጆቹ በዚህ ጊዜ ፊቱን በጭምብል ከመሸፈናቸው በፊት ብዙ አሳዩት።