አፈሙዙ ሲረዝም ሽጉጡ ምን ያተርፋል?

ረዥም መሣሪያ ብርቱ ነው የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ያለ ምክንያትም አልመጣም። አባቶቻችን በዐድዋ ዘመን ከታጠቋቸው ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ ቁመቱ 1.30 ሜትር ያህል ነበር። በቀለሁ ውስጥ የታጨቀው ብዙ ጥቁር ባሩድ አረሩን ገፍቶ እስኪጨርስ ረዥም መንገድ ያስፈልገው ነበርና። ጥያቄያችን ይህ እምነት ከጠመንጃ ወደ ሽጉጥ ሲሻገር ምን ያህል እውነት ሆኖ ይዘልቃል የሚል ነው። ተማሪዎቻችንን ስንጠይቅ ብዙዎቹ አፈሙዙ እጥፍ ከሆነ ፍጥነቱም ወደ እጥፍ ይጠጋል ብለው ይገምታሉ። ግምቱ ከመካኒክስ ይልቅ ለዓይን የቀረበ ነው።

በዚህ ጽሑፍ አፈሙዝ ስንል አረሩ የሚወጣበትን ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን የሚሮጥበትን የብረት ቧንቧ በሙሉ ማለታችን ነው።

ለጉዳዩ እጅግ የሚመች ምሳሌ ከጀርመን እናገኛለን። የዚያች አገር የባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1904 ሉገር የተባለውን ሽጉጥ በ15 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ ተቀበለ፤ ምድር ጦሩ በ1908 የ10 ሴንቲ ሜትሩን ታጠቀ፤ በ1913 ደግሞ ለመድፈኞችና ለመሰሎቻቸው የ20 ሴንቲ ሜትሩ ተፈቀደ። ጥይቱ የሦስቱም አንድ ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር። የተለወጠው በዋናነት ርዝመት ስለሆነ ታሪክ ራሱ የቤተ ሙከራ ሥራ ሠርቶልናል ማለት ይቻላል።

ከአጭሩ እንጀምር። 8 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 350 ሜትር ፍጥነት ይወጣል ብንል የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 490 ጁል ይሆናል። በዚህ ዓይነት ሽጉጥ የአፈሙዝ ርዝመት የሚለካው ጥይቱ የሚቀመጥበትን ጎሬ ጨምሮ ስለሆነ አረሩ በእርግጥ የሚጓዘው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። (በተሽከርካሪ ጎሬ የሚሠራው ሪቮልቨር ግን ጎሬው ሳይቆጠር ይለካል፤ ሁለቱን ዓይነቶች በቁጥር ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ይሳሳታል።) 490 ጁልን ለ0.08 ሜትር ስናካፍል አማካዩ ጉልበት 6100 ኒውተን ገደማ ሆኖ ይገኛል። ስድስት ኩንታል የሚያህል ክብደት በአንዲት ጣት ጫፍ በማትሞላ አረር ላይ ተጭኗል ማለት ነው። ይህን ጉልበት ለቧንቧው የውስጥ ስፋት፣ ማለትም ለ0.64 ሴንቲ ሜትር ካሬ ስናካፍለው አማካዩ ግፊት 96 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ለዚህ ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት ግን 235 ሜጋ ፓስካል ነው። አማካዩ ከከፍተኛው በግማሽ እንኳ አለመድረሱ ግፊቱ መጀመሪያ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ወዲያው እንደሚያሽቆለቁል ይጠቁመናል።

ለምን ያሽቆለቁላል? ምክንያቱ የቀለሁ ትንሽነት ነው። ከአረሩ በስተኋላ ያለው ቦታ 0.6 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ነው እንበል። አረሩ አንድ ሴንቲ ሜትር በተራመደ ቁጥር ለጋዙ 0.64 ሴንቲ ሜትር ኩብ አዲስ ቦታ ይከፍትለታል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያዋ ሴንቲ ሜትር የጋዙ ይዘት ከእጥፍ ይበልጣል፤ በ8 ሴንቲ ሜትር 9.5 ጊዜ፣ በረዥሙ ሉገር መጨረሻ፣ ማለትም በ18 ሴንቲ ሜትር ጉዞ፣ 20 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ጋዙ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ ግፊቱም ይወድቃል።

የቴርሞዳይናሚክስ ትምህርት የወሰደ ተማሪ የቀረውን ራሱ ሊጨርሰው ይችላል። ባሩዱ ገና ከመነሻው ተቃጥሎ አልቋል፣ ሙቀትም ወደ ብረቱ አልሸሸም ብለን እናቅልለውና ጋማ የተባለውን የጋዝ ቁጥር 1.25 እናድርገው። ጋዙ ሊሠራ ከሚችለው ሥራ አጭሩ አፈሙዝ 43 በመቶውን፣ ረዥሙ 53 በመቶውን ይወስዳል። ኢነርጂው በ23 በመቶ አደገ ማለት ነው። ፍጥነት ግን የኢነርጂ ስኩዌር ሩትን ስለሚከተል እድገቱ 11 በመቶ ብቻ ሆኖ በሰከንድ 350 የነበረው 390 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አፈሙዙ እጥፍ ሆኖ ትርፉ አንድ አሥረኛ! ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር ብንቀጥል ተጨማሪው 5 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሰበቃ ገና ሳይታሰብ። ፖይንት 22 በሚባለው ትንሽ ጥይትማ አፈሙዙ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካለፈ በኋላ ሰበቃው ከጋዙ ግፊት በልጦ አረሩ ፍጥነት መቀነስ ይጀምራል።

ብዙና በዝግታ የሚነድ ባሩድ የያዘ ጥይት ሲሆን ሚዛኑ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ፖይንት 357 ማግነም ሪቮልቨር መጀመሪያ የቀረበው በ22 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ ነበር፤ በአጭር አፈሙዝ ሲተኮስ ከፍጥነቱ ብዙ ያጣል።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። ረዥሙ ጥቂት ካተረፈ አጭሩም የሚያጣው ጥቂት ነው። በሠርግና በለቅሶ ሽቅብ የሚተኮስ ሽጉጥ ስላጠረ ብቻ ጉዳት አያደርስም ብሎ የሚያስብ ካለ ስሌቱ አይደግፈውም።

ታዲያ ረዥም አፈሙዝ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ከፍጥነት ይልቅ ማነጣጠር ላይ ይመስለናል። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ተኳሹ አንድ ሚሊ ሜትር ቢያዛንፍ፣ በ25 ሜትር ርቀት ላይ ስሕተቱ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ርቀቱ 22 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ተራ ሒሳብ ነው። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ለ25 ሜትር ሽጉጥ ውድድር አፈሙዝን በ153 ሚሊ ሜትር፣ የማነጣጠሪያዎቹን ርቀት በ220 ሚሊ ሜትር መወሰኑ ጥቅሙ እውነተኛ መሆኑን ያሳያል። በእርግጥ ከፊት ያለው ክብደት እጅ ሲንቀጠቀጥ አፈሙዙ ቶሎ እንዳይወዛወዝ ቢረዳም አንጓን ማድከሙ አይቀርም።

የሚያስገርመው ረዥሙ ሉገር ይህን ጥቅም በሚገባ አለመውሰዱ ነው። የኋላ ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ በላይ ስለተተከለ የሁለቱ ርቀት ከ20 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ አይችልም። ማነጣጠሪያው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ግን እስከ 800 ሜትር ይደርሳል! አየር ባይኖር እንኳ በሰከንድ 390 ሜትር የሚሄድ አረር ያን ርቀት ሲጨርስ ከ20 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ አየር ሲጨመር ደግሞ እጅግ ይብሳል። እኛ ይህን ቁጥር ከፊዚክስ ይልቅ ከምኞት እንመድበዋለን።

ሽጉጡን በእርግጥ የጠቀመው ሌላ ነገር ነው፤ ከኋላው የሚገጠም የእንጨት ሰደፍ። መሣሪያው ትከሻ ላይ ሲያርፍ የእጅ መንቀጥቀጥ ይገታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 32 ጥይት የሚይዝ ክብ ካዝና ተጨመረለት። በ1918 ከጀርመን ምሽጎች ብቅ ያለው ኤም ፒ 18 የተባለው አውቶማቲክ መሣሪያም ያንኑ ጥይት፣ ያንኑ ካዝናና 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሙዝ ይዞ መጣ፤ ሰደፉ ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተሠራ ነበር።