የእጅ ስልክ መረጃ ወደ ኮምፒዩተር አልገለበጥ ሲል ምን ይደረግ?

ለግብርና ልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ

መግቢያ

በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት ደጋማ ቀበሌዎች ማሳ የሚጎበኝ የልማት ሠራተኛ ዛሬ ከማስታወሻ ደብተሩ ጋር ዘመናዊ የእጅ ስልክ ይዞ ይወጣል። የሰብሉን ፎቶግራፍ፣ ማሳው የሚገኝበትን ቦታና ምልከታው የተደረገበትን ቀን በስልኩ ይመዘግባል። ወደ ጽሕፈት ቤት ሲመለስ ግን ስልኩና ኮምፒዩተሩ ሳይገናኙ የሚቀሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ በአገራችን በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ፣ ቁብሳና ጋላማ የተባሉትን በስፋት ይዘሩ የነበሩ የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ጎድቷል። ዋግ በነፋስ የሚዛመት በመሆኑ፣ መቼና የት እንደታየ የሚገልጽ መረጃ በወቅቱ መድረስ አለበት። ሰብሉ ከታጨደ በኋላ የጠፋ ምልከታ ተመልሶ አይገኝም። ስለሆነም ስልኩ እምቢ ሲል የመጀመሪያው ተግባር መረጃውን ከጥፋት መጠበቅ ነው። ብልሽቱን መፈለግ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

1. መደረግ የሌለበት

ሀ. መረጃው በሌላ ቦታ መኖሩ ሳይረጋገጥ ከስልኩ ምንም ነገር አይሰረዝ።

ለ. መጠይቅ የሚሞላበት ፕሮግራም «እንደገና ልጫነው» ተብሎ አይነቀል። ያልተላኩ ቅጾች ከፕሮግራሙ ጋር አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

ሐ. «ፋክተሪ ሪሴት» የሚለው ትእዛዝ አይነካ። በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል።

ከዚህ በታች ያሉት ምርመራዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደሩ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ሳይዘለል አንድ በአንድ ይሞከሩ።

2. ገመዱን መመርመር

የተለመደው የዩኤስቢ ገመድ በውስጡ ቢያንስ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ሁለቱ ኤሌክትሪክ፣ ሁለቱ ደግሞ መረጃ ያመላልሳሉ። በየሱቁ ከሚሸጡት ርካሽ ገመዶች አንዳንዶቹ የመረጃ ሽቦዎቹ የሏቸውም። አንዳንዱም ደጋግሞ በመታጠፍ ሽቦው ከውስጥ ይበጠሳል። እንዲህ ያለው ገመድ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይችላል፤ መረጃ ግን አያሳልፍም። «ቻርጅ ስለሚያደርግ ገመዱ ደህና ነው» ማለት የማያስተማምነው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ ስልክ ላይ መረጃ ሲያስተላልፍ በታየ ገመድ ተለውጦ ይሞከር።

3. መሰኪያውን ማጽዳትና ማድረቅ

በኪስ የሚያዝ ስልክ መሰኪያው ውስጥ አቧራና የጨርቅ ብናኝ ይጠቀጠቃል። ገመዱ እስከ መጨረሻው ካልገባ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ስልኩ ከጠፋ በኋላ በደረቅ የእንጨት ስንጥር በዝግታ ይጠረግ፤ መርፌና ሌላ ብረት አይግባበት።

በክረምት ከዝናብ ወይም ከጉና ግርጌ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ስልክ እርጥበት ሊይዝ ይችላል። መሰኪያው ሳይደርቅ ገመድ አይሰካበት። አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ እንጂ እሳት አጠገብ አይቅረብ።

4. ቁልፉን መክፈትና ፈቃድ መስጠት

የአንድሮይድ ስልክ ሲሰካ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ቻርጅ ማድረግን ብቻ ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ የስልኩ ስም ታይቶ ውስጡ ባዶ ከሆነ፣ ስልኩ ፈቃድ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። የስልኩ መቆለፊያ ይከፈት፤ ከላይ ወደ ታች በሚሳበው የማስታወቂያ መስኮት ላይ የዩኤስቢው መልእክት ይነካ፤ ከዚያም «ፋይል ትራንስፈር» የሚለው ይመረጥ። በአይፎን ላይ ደግሞ ኮምፒዩተሩን ያምኑት እንደሆነ ለሚቀርበው ጥያቄ «ትረስት» ተብሎ ይመለስ።

5. ቀንና ሰዓትን ማስተካከል

መረጃው በገመድ ሳይሆን በኢንተርኔት የሚላክ ከሆነ፣ በእኛ አገር ልዩ ትኩረት የሚያሻው ይህ ነው። ባትሪው አልቆ የቆየ ስልክ ሲበራ ቀን ሊጠይቅ ይችላል። ባለቤቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላዋል። ለምሳሌ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልኩ አቆጣጠር ኦክቶበር 22 ቀን 2025 ነው። 2018 ተብሎ ከተሞላ ስልኩ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል።

መረጃ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ማንነቱን የሚያስረዳበት፣ የሚጸናበት ጊዜ የተወሰነለት የኤሌክትሮኒክ ምስክር ወረቀት አለው። በ2018 የሚኖር የመሰለው ስልክ ምስክር ወረቀቱን «ጊዜው ገና ነው» ብሎ አይቀበለውም፤ ግንኙነቱንም ያቋርጣል። ኢንተርኔቱ እየሠራ ቅጹ የማይሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለስልኩ 8 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ ምልከታዎቹ ሁሉ በስድስት ሰዓት ይዛነፋሉ። መፍትሔው በ«ሴቲንግስ» ውስጥ ቀንና ሰዓት ከኔትወርክ በራሱ እንዲመጣ ማድረግ፣ የሰዓት ቀጠናውንም አዲስ አበባ ብሎ መምረጥ ነው። የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳይ ፕሮግራም በተጨማሪ መጠቀም ጉዳት የለውም።

በተሳሳተ ቀን የተነሡ ፎቶግራፎች ካሉ አይጣሉ። ስልኩ የሚያሳየው ቀንና ሰዓት ከትክክለኛው ጋር ጎን ለጎን በደብተር ከተጻፈ በኋላ ይስተካከል። ልዩነቱ ከታወቀ መረጃው ይድናል።

6. ኮምፒዩተሩን መመርመር

ሁለቱም ጠፍተው ይብሩ። ገመዱ በሌላ መሰኪያ ላይ፣ በተለይም በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር የጀርባ መሰኪያ ላይ ይሞከር። በመጨረሻም ስልኩ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካ። እዚያ ከሠራ ጉድለቱ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ነው። እዚያም በደህና ገመድ ካልሠራ፣ የስልኩ መሰኪያ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ባለሙያ ይወሰድ፤ ከዚያ በፊት ግን መረጃው በኢንተርኔት ወይም በብሉቱዝ ይውጣ።

7. ከተገለበጠ በኋላ

መረጃው በ«ኮፒ» እንጂ በ«ከት» አይወሰድ፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ ዋናው በስልኩ ላይ ይቀራልና። የፋይሎቹ ቁጥር በሁለቱም በኩል ይቆጠር፤ ጥቂቶቹም ተከፍተው ይታዩ። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዕቃ ላይ ይቀመጥ።

ማሳሰቢያ፦ ማመሳሰልና መገልበጥ አንድ አይደሉም። ስልክና ኮምፒዩተር እንዲመሳሰሉ ከተደረገ በአንዱ ላይ የተሰረዘው ከሌላውም ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ማመሳሰል እንደ መጠባበቂያ ቅጂ አይቆጠር። የማሳው ቁጥር፣ ቀኑና የበሽታው መጠን በእርሳስ በደብተር ላይ መጻፉም አይቅር። ስልኩ እስኪጠገን ድረስ የወቅቱን ሥራ የሚያስቀጥለው እርሱ ነው።