እጃችሁ አይደለም፣ አየሩ ነው! በየከተማችን በጓሮና በባልዲ ምን ይበቅላል?

"እኔ እኮ እጄ ለተክል አይሆንም" የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም። ዘር ገዝቶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ አንድ ቲማቲም እንኳን ሳይቀምስ የተወ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእጅ አይደለም፤ ተክሉና አየሩ ስላልተስማሙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት ጓሮ እናንተ ሰፈር ላይሠራ ይችላል። ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ የከተማችሁን ከፍታ ፈልጉ።

👉 ደጋ (እንደ ደብረ ብርሃን)
ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ይችሉታል። ቲማቲምና ቃሪያን ግን ውርጭ በአንድ ሌሊት ያቃጥላቸዋል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ማታ ማታ ሸፍኗቸው።

👉 ወይና ደጋ (እንደ ሐዋሳና ባሕር ዳር)
እዚህ ምርጫው ሰፊ ነው፦ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ በሶብላ። ክረምት ላይ ግን የቲማቲም ቅጠል ከረጠበ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል፤ ጣራ ሥር አስጠጉት።

👉 ቆላ (እንደ ድሬዳዋ)
ባሚያ፣ ደበርጃን፣ ሽፈራውና ፓፓያ ሙቀት ይወዳሉ። ቲማቲም ግን ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ አበባውን ያረግፋል፤ ቀዝቀዝ ባሉት ወራት ትከሉት። ውሃ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ አጠጡ።

አዲስ አበባ ደጋና ወይና ደጋ የሚገናኙበት ከፍታ ላይ ናት። ጎመንና ቆስጣ አያሳፍሯችሁም፤ ቲማቲም ከፈለጋችሁ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ምረጡለት።

ጓሮ የለንም፣ ኮንዶሚኒየም ነን ለምትሉ፦ አሮጌ ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል። ውሃው እንዳይታቆር ታቹን ብሱት፣ አፈሩን ከብስባሽ ጋር ቀላቅሉ። ጎመንን ከሥሩ አትንቀሉት፤ የውጪውን ቅጠል ብቻ እየቀነጠሳችሁ ከአንድ እግር ለወራት ትበላላችሁ።

ገበያ መሄዱ አይቀርም። ግን ወጡ ሊወጣ ሲል በረንዳ ወጥቶ ቃሪያ መቁረጥ፣ ጎረቤት "እስቲ ለቡናዬ ጤና አዳም" ሲል ቀንጥሶ መስጠት ሌላ ደስታ አለው።

እናንተስ? ከተማችሁንና የበቀለላችሁን ጻፉልን።