የሯጮች የቅልጥም ሕመም፤ መከላከያውና ሕክምናው



ውድ አድማጮቻችን፤ በዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ወጣቶችን ስለሚያስቸግር፣ ብዙ ወላጆችም «ድካም ነው፤ ያልፋል» ብለው ስለሚተዉት አንድ ሕመም እንነጋገራለን። እርሱም በሩጫ ምክንያት የሚመጣው የቅልጥም ሕመም ነው። አካላችን ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። በስፖርት ማጠንከሩ መልካም እንደሆነ ሁሉ፣ ሲታመም ማሳረፉም አማናውን ከመጠበቅ ይቆጠራል።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 (እ.ኤ.አ. በ2001) ከተጀመረ ወዲህ፣ ኅዳር ሲቃረብ የአዲስ አበባ መንገዶች ማለዳ ማለዳ በሯጮች ይሞላሉ። ከእነዚህም ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሳይሮጥ ቆይቶ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ሲል በየቀኑ አስፋልት ላይ መሮጥ የሚጀምር አለ። ልቡና ሳንባው ቶሎ ይለማመዱለታል። አጥንቱ ግን እንደ እነርሱ አይፈጥንም። ችግሩም የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ቅልጥም ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደው ትልቁ አጥንት ነው። በስተኋላ የባት ጡንቻዎች ተያይዘውበታል። በምንሮጥበት ጊዜ እግራችን መሬት በረገጠ ቁጥር አጥንቱ በጥቂቱ ይለመጣል፤ ጡንቻዎቹም ይስቡታል። አጥንት ሕይወት ያለው ነገር በመሆኑ፣ የተጎዳውን ክፍል እያስወገደ አዲስ ይሠራል። ይህ ሥራ ግን ሳምንታትን ይፈልጋል። ጫናው ከጥገናው ከበለጠ አጥንቱና የሸፈነው ስስ ሽፋን ይቆጣሉ።

ምልክቱ በቅልጥም የውስጠኛው ጠርዝ፣ ብዙውን ጊዜ ከመካከል ወደ ታች ባለው ክፍል የሚሰማ ሕመም ነው። በጣት ሲጫኑት ሕመሙ በአንድ ነጥብ ላይ ሳይወሰን 5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይዘረጋል። መጀመሪያ ላይ ሩጫው ሲጀመር ያምና ሰውነት ሲሞቅ ይቀንሳል፤ ከሩጫ በኋላ ይመለሳል። ብዙዎችን የሚያታልለው ይህ ነው። «ስሮጥ ይተወኛል» እያሉ ይቀጥላሉ፤ በመጨረሻም ሕመሙ በእርምጃም ጊዜ የማይለቅ ይሆናል።

ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሕመሙ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ከተወሰነ፣ በእረፍት ወይም በሌሊት ካመመ፣ በአንድ እግር መዝለል ካቃተ፣ አጥንቱ የመሰንጠቅ ጉዳት ደርሶበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ገና ሲጀምር በራጅ ላይታይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ሩጫ መመለስ አይገባም። ሕመሙ ካልቀነሰ ሐኪም ዘንድ ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል። በሩጫ ጊዜ ባት ተወጥሮ እግር የሚደነዝዝ ወይም የሚዝል ከሆነም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ለወላጆች አደራ የምንለው አለ። እንዲህ ያለውን እግር ወጌሻ ዘንድ ወስዶ አጥንቱን አጥብቆ ማሳሸት አደገኛ ነው። የተሰነጠቀ አጥንት በመታሸት አይድንም፤ ይብስበታል። «ሰነፍ» ብሎ ልጅን ወደ ልምምድ መመለስም ቀላሉን ሕመም ወደ ሙሉ ስብራት ሊያደርሰው ይችላል።

ሕክምናው

ዋናው መድኃኒት ዕረፍት ነው። ይህ ማለት አልጋ ላይ መዋል አይደለም። ሩጫውንና ዝላዩን አቁሞ ሕመም እስካላስከተለ ድረስ መራመድ፣ ብስክሌት መንዳት ወይም መዋኘት ይቻላል። በብዙዎች ላይ ሕመሙ እስኪሻል ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ ከሆነ ወራትም ሊወስድ ይችላል።

ሕመሙን ለማስታገስ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ማስቀመጥ ይረዳል። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይበቃል። ማስታገሻ ኪኒን ውጦ መሮጥ ግን ማስጠንቀቂያውን መዝጋት ነው። በተለይ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት የጨጓራና የኩላሊት ችግር ላለባቸው ሰዎች ጎጂ ስለሆኑ ሐኪም ሳያማክሩ አይወሰዱ።

ሕመሙ ሲቀንስ ባትን ማጠንከር ያስፈልጋል። ግድግዳ ተደግፎ በጣቶች ላይ እየቆሙ ተረከዝን በቀስታ ማንሳትና ማውረድ፣ ቀስ በቀስም በአንድ እግር ማድረግ ጥሩ ልምምድ ነው። ወደ ሩጫ የሚመለሰው ፈጥኖ መራመድና በአንድ እግር መዝለል ያለ ሕመም ሲቻል ነው። ያኔም 1 ደቂቃ እየሮጡ 2 ደቂቃ በመራመድ፣ ቀን እየዘለሉ ይጀመራል።

መከላከያው

1ኛ/ ሩጫን በጥቂቱ መጀመርና በየሳምንቱ በጥቂቱ መጨመር። ርቀትንም ፍጥነትንም በአንድ ሳምንት አብሮ መጨመር አይገባም።

2ኛ/ ከአስፋልት ይልቅ በተቻለ መጠን የአፈርና የሣር መንገድ መምረጥ፤ ቁልቁለትን መቀነስ።

3ኛ/ ሶሉ ያለቀ ጫማ መቀየር። የሩጫ ጫማ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። ውስጠ እግሩ ጠፍጣፋ ለሆነ ሰው ደግሞ የሚደግፍ ገበር ሊረዳው ይችላል።

4ኛ/ በቂ ምግብ መመገብ። አጥንት የሚጠገነው ከምንበላው ነው። በተለይ ሯጭ እኅቶቻችን ምግብ ቀንሰው የወር አበባቸው ከተዛባ አጥንታቸው እየተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ሳያፍሩ ሐኪም ያማክሩ። ሰውነት የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ለአጥንት አስፈላጊ ነውና፣ ሒጃብ ለባሽ እኅቶች በቤታቸው ግቢ ፀሐይ የሚያገኙበትን ጊዜ ቢያመቻቹ መልካም ነው።

5ኛ/ በረመዳን ልምምድን ማቅለል። ከኢፍጧር ጥቂት ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ሩጫ የሮጠ ሰው ወዲያው ውኃና ምግብ ያገኛል። ከዒድ በኋላ ደግሞ ከወሩ በፊት ወደነበረው መጠን በአንድ ቀን መመለስ አጥንቱን ሳያስጠነቅቁ ማስጨነቅ ነው፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ መመለስ ይበጃል።

ውድ አድማጮቻችን፤ ልጃችሁ ከሩጫ ተመልሶ ቅልጥሙን ሲያሽ ብታዩት «የት ጋ ያምሃል? ሌሊትስ ያምሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በጊዜ ከተጠየቁ የወራትን ጉዳት ወደ ሳምንታት ዕረፍት ሊያሳጥሩ ይችላሉ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።